ብርሃን አስገብቶ ዓይን የሚመልስ መስኮት

እኅቴን የሕንጻው ሰዎች «ክብሪት» ይሏታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ ያን ያህል ደፋር የለም። እኔ ስሙን አልጠላውም። ክብሪት ራሱን አይጭርም፤ የሚጭረው ሰው ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ማን እንደጫራትና ለምን እንደነደደች ልናገር ነው። «ያቺ ሴትዮ በመስኮት ቀለም ሰበብ ሕንጻውን አመሰችው» ተብሎ ይወራል። ውሸት ነው። ይህንንም ተቆጥቼ ነው የምጽፈው፤ ቁጣዬ እስኪበርድ ብጠብቅ ሳልጽፈው እሞታለሁ።

ታናሼ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። የበሽተኛው አንሶላ ከየክፍሉ በጋሪ ይመጣላታል፤ ትለያለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አንድም በሽተኛ በዓይኗ ሳታይ የሁሉንም ሁኔታ ታውቅ ነበር። አንሶላውን ዘርግታ ታየውና፣ «የስምንት ቁጥሩን ሰውዬ ማንም አያገላብጠውም፤ ጀርባው ሊቆስል ነው» ብላ በእርጥብ ሽርጧ ወደ ነርሶቹ ትወጣለች። መጀመሪያ ይስቁባት ነበር። «ደግሞ አጣቢዋ ሐኪም ሆነች!» ይሏታል። ሁለት ሦስት ጊዜ እውነቷን ሲያዩ ግን ሳቁን ትተው ሰውዬውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ፍሬን» ብለው አወጡለት፤ አንዲት አሮጊት ከሩቅ እጇን ካነሳች፣ የኋላው መኪና ሁሉ ጡሩንባ ቢነፋበት፣ እሷ ሳትሳፈር አይነቃነቅም። ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ፣ በገዛ ቤቱ እንኳ ያለ ካልሲ የማይታይ ሰው ነው። ክብሪትና ፍሬን ተጋብተው ሠላሳ አራት ዓመት ኖሩ። «እንዴት ተቻቻላችሁ?» ሲሏት፣ «እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያቆማል፤ ሌላ ምን አለው?» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምላሱ ከወራት በኋላ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰ፤ እግሩና እጁ ግን እንደወጡ ቀሩ።

ቤታቸው ምድር ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ማእድ ቤት፣ ከእሷም የጠበበች መታጠቢያ ቤት። እንኳን ሰው ደግፎት፣ ደህና በነበረበት ጊዜም ገብቶ ለመዞር ወደ ኋላ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ አልጋው ላይ ነው የምታጥበው። ክፍሉ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው። እሱም የሕንጻው ሰው ሁሉ ወደሚተላለፍበት፣ በአንድ ጎኑ ለሰማይ ክፍት ወደሆነ ኮሪደር ይከፈታል።

ድሮ የመስኮቱ ታችኛው ግማሽ እንጨት ነበር። የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀመንበር «ለገጽታ ሲባል» ብሎ የምድር ቤቱን መስኮቶች በሙሉ አስነቅሎ፣ ከላይ እስከ ታች ጥርት ባለ መስታወት አስቀየራቸው። ሊቀመንበሩ የቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ጡረታ ወጣና ቢሮውን ሲነሱት ሕንጻውን ቢሮ አደረገው። ማስታወቂያ መለጠፍ ይወዳል። «ምንጣፍ በመስኮት ማራገፍ የተከለከለ መሆኑን ስለማሳወቅ።» «በደረጃ ላይ ጮክ ብሎ ማስነጠስን በሚመለከት።» ይህን ሁሉ የሚለጥፍበትን ሰሌዳ የት ሰቀለው? ከእኅቴ መስኮት አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። አንባቢ ሁሉ አንድ ዓይኑን ለሰሌዳው፣ አንዱን ለአልጋው ሰጥቶ ይቆማል።

መጋረጃ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። ግን መጋረጃው ሲዘጋ ክፍሉ በቀትር ይጨልማል። በአምፖል ብርሃን ደግሞ ቁስል ሊሆን ያሰበ ቆዳ አይታይም፤ ቢጫው መብራት ቅላቱን ይውጠዋል። ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጀርባውን በቀን ብርሃን ማየት አለባት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስንዝር ያህል ትከፍትና ፈጠን ፈጠን ብላ ታጥበዋለች።

አንድ ቀን የውኃ ተራ ማስታወቂያ ተለጠፈና ሰው ሰሌዳው ዘንድ ተኮለኮለ። እሷ ባሏን በጎኑ አስተኝታ ወገቡን እያጠበች ነበር። ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ፦

«ውይ! ያ ሁሉ ቁመና! እንዲህ ሆኖ ይቅር?»

«ተይ አታሳዪኝ፣ አልችልም» አለች ሌላዋ፤ እያየች።

ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። ፍሬን ሰው ሰድቦት አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሹፌር የነበረ ሰው ስድብ እንደ ቁርስ ለምዷል። ከንፈር ሲመጠጥለት ግን አያውቅም። በደህናው እጁ ፎጣውን ጎተተ። የሸፈነው ገላውን አይደለም፤ ፊቱን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታጠብም አለ። መጋረጃውን ዝጊ፣ አትክፈቺ፣ አትንኪኝ።

«ጀርባህን ልየው።»

«አይታይም።»

«እየሸተትክ ነው እኮ!»

«ልሽተት። ሽታ በመስታወት አያልፍም።»

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየጮኸበት አሮጊት እንዲጠብቅ የምታደርገው ያቺው ግትርነቱ ናት፤ አሁን በራሱ ላይ አዞራት። በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ ሲወስደው ከሥሩ ያለውን አንሶላ በቀስታ ስባ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ያን ዕለት ቤቴ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ያጠብኩት አንሶላ ቤቴ መጣ።»

ወገቡ ሥር የመኝታ ቁስል ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሰው እንደሚገድል እሷም ታውቃለች፣ እኔም ከእሷ ሰምቼ አውቃለሁ። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ የሆነች ነርስ መጥታ አየችውና፣ «በየቀኑ ካልታጠበና ካልታየ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለች። እሱ ግን ሰው እያየው ከሚታጠብ ቢሞት ይመርጣል። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ብርሃን የሚያስገባ፣ ዓይን ግን የማያስገባ መስኮት ካልተገኘ፣ እኅቴ ባሏን ትቀብረዋለች።

የማውቀው ቀለም ቀቢ ነበር፤ ጠራሁት። መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣

«አባባ፣ ይሄ ቀላል ነው» አለኝ። «መስታወት ማደብዘዣ ስፕሬይ አለ። በጣሳ ነው የሚመጣው፤ ትነፋበታለህ፣ ሲደርቅ ጤዛ እንዳረፈበት ይሆናል። ብርሃኑ እንዳለ ይገባል። ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ወተት ብርጭቆ ውስጥ ያለች ዝንብ እንደሚያይ ነው። የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሆነ አያውቅም።»

«ባሌን ዝንብ አልከው?» አለች እኅቴ።

«ኧረ እትዬ፣ ለምሳሌ ነው!»

«ለምሳሌም ቢሆን ሌላ ፈልግ።»

«እሺ፣ ዝሆን ይሁን» አለ። ከአልጋው በኩል የሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ፍሬን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የላይኛው መስታወት ይተውልኝ፣ ሰማይ ልይ። ቆሞ የሚያልፍ ሰው በዚያ በኩል አጮልቆ ማየት አይችልምና ተፈቀደለት።

ቀለም ቀቢው ሥራውን እንደ ደንቡ ከውስጥ ሊጀምር ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት። «በሽተኛው ሽታውን ይምጋ? ከውጭ ንፋው» አልኩት። «ከውጭ አይመከርም አባባ፤ ዝናብም እጅም ይነካዋል» አለኝ። «ንፋ ስልህ ንፋ» አልኩ። በዕድሜዬ ተማምኜ የማላውቀውን አዘዝኩ። ሊቀመንበሩን ስወቅስ ይህንም ልናገር ይገባል፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

መስታወቱን እኅቴ ራሷ በሳሙና፣ ከዚያም በአልኮል ወለወለችው፤ ክር በማይጥል አሮጌ አንሶላ። ቀለም ቀቢው ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር አሸገ፣ ግድግዳውን በጋዜጣ አለበሰ፣ ጣሳውን እስኪንቀጫቀጭ ወዘወዘና ክንድ ያህል ርቆ በስሱ ነፋ። ይነፋል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይነፋል። «በአንዴ ከጠገበ እንባ ያወርዳል» ይላል። በአራተኛው ዙር መስታወቱ ነጭ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን የለሰለሰ፣ ጥላ የሌለው ሆነ። በዚያ ብርሃን የቆዳው ሽብሽብ እንኳ ይታያል።

በማግስቱ ታጠበ። በሦስተኛውም ቀን ታጠበ። ነርሷ ቁስሉን አይታ «መልካም ነው» አለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እኔ ማእድ ቤት ውኃ እያሞቅሁላት ሳለ፣ ቅርር፣ ቅርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አይጥ መሰለኝ። ከዚያ የእኅቴ ጩኸት መጣ። ሮጥኩ። በነጩ መስታወት ላይ የጣት ውፍረት ያላት ጥርት ያለች መስመር ተከፍታለች፤ በመስመሯ ውስጥ የሕንጻው ዘበኛ ዓይን። በእጁ ምላጭ ይዞ ቀለሙን እየፋቀ ነው። ፍሬን ጀርባው ራቁቱን እንደሆነ ፎጣውን ይፈልጋል፤ ፎጣው ከአልጋው ሥር ወድቋል፤ ደህናው እጁ አልደርስ ብሎት አየሩን ይዳብሳል። ያን እጅ እስክሞት አልረሳውም።

እኅቴ በብርድ ልብስ ጠቀለለችውና ውኃ በሚንጠባጠብ እጇ ወጣች።

«ታዝዤ ነው እትዬ!» አለ ዘበኛው፤ ምላጩን ከኋላው ደበቀ። «እኔ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ። ያዘዙኝ ሊቀመንበሩ ናቸው።»

«በር አታንኳኳም? አፍ የለህም? ምላጭ ብቻ ነው የሰጡህ?»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለፈች ወጣች፤ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኳት።

ሊቀመንበሩ በሩን የከፈተው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው።

«ወይዘሮ፣ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ…»

«የባሌን ገላ ለሕንጻ ያሳየ ሰው ከእኔ ጽሑፍ ይጠብቃል?»

«የሕንጻው መስኮት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ለእርስዎ ከፈቀድኩ ነገ አንዱ አረንጓዴ ይቀባል፣ አንዱ አበባ ይስልበታል።»

ዓይኗ ከትከሻው በላይ አለፈ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

«የእርስዎ መታጠቢያ ቤት መስኮትስ? ያ ነጭ መስታወት ምንድን ነው?»

«እሱ… እሱ ከፋብሪካ ደብዝዞ የመጣ ነው። የመታጠቢያ ቤት መስኮት የራሱ ደንብ አለው።»

«የባሌ መታጠቢያ ቤት አልጋው ነው!»

«ድምፅዎን ይቀንሱ። ጎረቤት አለ።»

«ጎረቤት ዛሬ ትዝ አለዎት!»

እኔም ዝም አላልኩም። «አንተ ሰው» አልኩት፤ አንቱታውን ሆን ብዬ ነፈግሁት፤ «ነገ አንተም ትወድቃለህ። ማን ይሸፍንሃል?» ፊቱ ቀላ። እንደ እሱ ያለ ሰው ሲጨንቀው ወደ ደንቡ ይሸሻል። ከመሳቢያው ወረቀት አወጣና መነጽሩን አወረደ።

«አንቀጽ ሰባት። የመስኮት የውጭ ገጽ የጋራ ንብረት ነው። የውስጡ የነዋሪው ነው። ከውጭ መቀባት ክልክል ነው፤ አለቀ። በውስጥ በኩል ያሻዎትን ያድርጉ።»

«ይድገሙት።»

«በውስጥ በኩል ያሻዎትን ያድርጉ አልኩ።»

«ጋሼ፣ ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ቀለም ቀቢው ሲነገረው ራሱን አከከ። ከውስጥ ይቻላል፤ እንዲያውም ትክክለኛው ይሄ ነበር አለ፤ እኔን ሳያይ። ችግሩ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት በሽተኛው ክፍሉ ውስጥ መቆየት አይችልም። የት ይቀመጥ? የእኔ ቤት በሌላ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ያን ቁመት ተሸክሞ የሚወጣ የለም። ማእድ ቤቷ ውስጥ ሽታው ይደርሳል። የቀረው ኮሪደሩ ነው። ያው ሰሌዳው ሥር። ሰው አየኝ ብሎ ሊሞት የደረሰን ሰው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አውጥተን ልናስቀምጠው! እኅቴ ይህን ልትጠይቀው አልደፈረችም። በሩ ላይ ቆመን ስንንሾካሾክ ራሱ ተናገረ።

«አውጡኝ።»

«ሰው ሁሉ ያይሃል እኮ» አለች።

«ለብሼ ይዩኝ።»

እሑድ ጠዋት ተነስታ ጢሙን ላጨችው። ሸሚዙን ተኮሰች፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ «ኮሌታው፣ ኮሌታው» እያለ ያርማታል። ካልሲ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ክራቫት። ቀለም ቀቢውና ዘበኛው ግራና ቀኝ ይዘው አወጡት። ዘበኛው ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው፤ ፍሬንም አመሰገነው፤ እኔ ግን አላመሰገንኩትም። ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ከጀርባው ትራስ፣ ወደ ቀኝ እንዳይወድቅ ደግሞ ደረቱ ላይ በአንሶላ አሰርነው። ውስጥ ጣሳው መንቀጫቀጭ ጀመረ።

እሑድ ነበርና ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። አንዱ ይወርዳል፣ ያይና ያዘግማል። ሌላው ያነበበውን ማስታወቂያ እንደገና ያነባል። የመጀመሪያውን ሰዓት ፍሬን ፊት ለፊት ብቻ እያየ፣ ላብ ከጆሮ ግንዱ እየወረደ ተቀመጠ። ከዚያ ሦስት አራት ሰዎች ደረጃው ሥር ቆመው ሲያፈጡበት፣ ደህናውን እጁን አነሳና በዚያ በሚጎተት ምላሱ፣

«ትኬት ቁረጡ!» አላቸው። «በነጻ ማየት የለም!»

አንዱ ደንግጦ ሳቀ፣ ሌላው አፈረ፣ አንዲት ሴት ቀርባ «እንዴት አደሩ?» ብላ እጁን ጨበጠች። በጆሮዬ የማውቀው ድምፅ መሰለኝ፤ ያቺ «ውይ ያ ሁሉ ቁመና» ያለችው። ሌላም እጅ መጣ። ከስትሮኩ ወዲህ የሰላምታ እጅ የነካው ያን ቀን ነው።

ወደ ቀትር ሊቀመንበሩ ወረቀትና ስፒል ይዞ ወረደ። ሰሌዳው ዘንድ መድረስ አልቻለም፤ ወንበሩ ከፊቱ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ኮሪደሩ እኮ የጋራ ነው።»

የመለሰለት ፍሬን ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፦

«እኔም የጋራ ሆኛለሁ። ስድስት ወር በመስኮት አይታችሁኛል። ዛሬ እኔ እናንተን ልያችሁ።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። አጠገቡ የቆሙት ሁሉ እሱን ማየት ጀመሩ። «በሰዓቱ ይነሳ» ብሎ ዞሮ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሳል፤ እኔ አላየውም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሽታው ወጥቶ አለቀ። ከውጭ የቀረውን የተቦጫጨቀ ቀለም እኅቴ ራሷ በምላጭ ፍቃ አጠራችው፤ የጋራው ለጋራው። ባሏን አስገብተን አስተኛነው። እኔን ወደ ኮሪደሩ አስወጣችኝና ከውስጥ ጮኸች፦

«ጋሼ፣ ምን ይታይሃል?»

ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አየሁ። ነጭ ነው። የሆነ ጥላ ይንቀሳቀሳል።

«ምንም!»

«በደንብ አይተሃል?»

«ምንም አልኩሽ እኮ!»

ውኃ ሲፈስ ሰማሁ።

«ፈላ! ልትቀቅዪኝ ነው?»

«አልፈላም፤ ብርድ ላይ ውለህ ነው። ዙር።»

ጨርቁ ውኃው ውስጥ ሲነከርና ሲጨመቅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋ ኮሪደሩን አናወጠው።

«ይሄ ምንድን ነው? ተረከዝህ! ቀልቷል! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ በየት በኩል አይቼው?»

«ሲያምህ አፍህን ብትከፍት ምላስህ ይቆረጣል?»

«አላመመኝም።»

«አላመመኝም ይላል! ነገ ቢቆስል አላመመኝም ልትል ነው! ዛሬ ባላየው ኖሮስ?»

«አየሽው አይደል?»

«አየሁት! ጋሼ፣ ትራሱን አምጣ፣ ከተረከዙ ሥር ላድርግበት!»

ትራሱ ኮሪደሩ ላይ ከወንበሩ ጋር ቀርቶ ነበር። አነሳሁና በሩን ልገፋ ስል፣

«ቆይ!» አለ ፍሬን። «መጀመሪያ ልሸፈን።»

ትራሱን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።